ለሱሀይላ የተቀመጠች መኪና

የመኪናዋን ባትሪ ዐሥራ አራተኛ ሴል ስለካ መለኪያው ዜሮ ነጥብ አራት ቮልት ያነባል። ከሰባት በላይ ማንበብ ነበረበት። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌ ወደ ዐሥራ አምስተኛው አልፋለሁ።

«ነድቷታል፤ አይደል?» ይላሉ እማማ ሀዲያ ከጀርባዬ። «እውነቱን ንገረኝ ንጉሡ፤ ደብቆኝ ነድቷታል።»

«ሁሉንም ሳልለካ አልናገርም፣ እናቴ።»

«አብሽር፤ ለካ።»

ልጃቸው ሙሐሲን ከመኪናዋ ያወረድነውን የኋላ ወንበር ተደግፎ ቆሟል። «ወላሂ አልነካኋትም፣ እማ» ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳለው አልቆጠርኩም። እሳቸው ወደ እሱ አይዞሩም።

ሱሀይላ ሪያድ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ያፈራችው ይህችን በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ነው። ሳውዲዎች ወረቀት የሌለው ሁሉ ሳይቀጣ ይውጣ ብለው በሰጡት የምህረት ጊዜ ወጥታ፣ ሐሙስ አገሯ ትገባለች። በስልክ «እማ፣ የያዝኩት አንድ ሻንጣ ነው፤ ግን መኪናዬ አለች» ማለቷን እማማ ሀዲያ ገና ከደሴ አውቶቡስ ወርጄ ግቢያቸው ስደርስ ነግረውኛል። ሰው እየጫነች ልትኖርባት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ስትገዛ ሙሐሲን ሁለት ወር ሠርቶባታል። ከዚያ ወረኢሉ ገበያ ላይ አንድ ሾፌር ለእናቱ፣ የዚህ ዓይነት መኪና ባትሪ መንገዱ የተቆጠረ ነው፣ በሄደ ቁጥር ይበላል፣ ሲያልቅ ዋጋው የመኪናዋን ያህላል አላቸው። በሳምንቱ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የቆርቆሮ ጥላ አሠሩላት፤ ሸራ አለበሷት። በየጁምዓው ብቻ ገልጠው ያጥቧታል።

«መንገዷን ለልጄ አስቀመጥኩላት» ይላሉ አሁንም፤ ውሃ ሊያመጡልኝ ወደ ቤት እየገቡ።

ጎረቤታቸው አያ አምባቸው በድንጋይ አጥሩ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ሲያዩን ቆይተዋል። «ገና ከመናኸሪያው ስትወጣ ነው ያየሁህ» ይሉኛል። «በዚህ አጥር ሥር ዶሮ እንኳ ሳላያት አታልፍም። እና፣ ሞተ ባትሪው?»

«አብዛኛው ሞቷል፣ አባቴ።»

«እንግዲያ አውጡልን። የሞተው መሬት ያቃጥላል አሉ፤ ምንጩ ደግሞ ከታች ነው። ፋብሪካ ውስጥ ስትመረት የወጣው ጢስ ብቻ የአንድ ከባድ መኪናን የዕድሜ ልክ ጢስ ያስከነዳል ሲሉም ሰምቻለሁ።»

«እዚህ አይቀበርም፤ ይዤው እሄዳለሁ። ሳጥኑ አልተሰበረም፤ የፈሰሰም የለም። ስትመረት ከተራ መኪና የበለጠ ጢስ መውጣቱ እውነት ነው። የከባድ መኪናው ግን ወሬ ነው። ትርፉን ጢስ በምትቆጥበው ነዳጅ ታካክሰዋለች። ዓመት፣ ሁለት ዓመት በደንብ ከተነዳች ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቅም ነው።»

«ካልተነዳችስ?» ይላል ሙሐሲን።

የመጨረሻውን ሴል ለክቼ እጽፋለሁ።

«ካልተነዳች አታካክስም። ባትሪውም ኃይሉ እየወጣና እየተሞላ ካልሠራ በተቀመጠበት ደክሞ ያልቃል። መንገድ አይደለም የገደላት። መቆሟ ነው።»

የያዝኩትን ትንሽ ባትሪ ሳገናኝ ዳሽቦርዱ ይበራል፤ የተሄደው ኪሎ ሜትር ይታያል፦ 64,018። ቀና ስል ከሙሐሲን ትከሻ አጠገብ፣ በኖራ የተለቀለቀው ግድግዳ ላይ፣ በከሰል የተጻፈ ቁጥር አያለሁ። 64,018።

«የቆመች ቀን ነው የጻፍኩት» ይላል ዝቅ ባለ ድምፅ። «እማ ማንበብ አትችልም። ባሳያትም አታምነኝም።»

እማማ ሀዲያ ውሃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይመጣሉ። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ። ከሃያ ስምንቱ ደህና የሆኑት ስድስት ናቸው።»

«ለሐሙስ ትነሣለች?»

«ለሐሙስ አትነሣም፣ እናቴ። ሃያ ሁለት ሴል ከአዲስ አበባ መፈለግ አለበት። መገኘቱንም እንጃ።»

ኩባያውን መሬት ያስቀምጡታል። ለእኔ መስጠቱን ረስተዋል። «ምን ገደላት?»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ መልሱን እንዲህ ጥርት አድርጌ ያወቅሁበት ቀን ጥቂት ነው። ደብተሬን እገልጣለሁ።

«እኔ ነኝ፣ እማ» ይላል ሙሐሲን። «አንቺ ገበያ በወጣሽ ቁጥር ነድቻታለሁ።»

እማማ ሀዲያ ወደ አጥሩ ይዞራሉ። «አያ አምባቸው፣ አንቱ አላዩም?»

ሽማግሌው ሙሐሲንን ያዩታል፤ ረጅም ጊዜ ያዩታል። «ዓይኔ ደክሟል እኮ፣ ሀዲያ» ይላሉ።

አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ። «መለኪያህ እንዲያ ይላል?» ይሉኛል እማማ ሀዲያ።

«መለኪያው» እላለሁ፣ «ማን እንደነዳት አይናገርም።»

አንገታቸውን ቀስ ብለው ይነቀንቃሉ። አይጮሁም። «የእህትህን መንገድ በላህ» ይሉታል። ከዚያ ሸራውን ከመሬት አንሥተው እንደ ሁልጊዜው መኪናዋን ማልበስ ይጀምራሉ፤ አቧራ እንዳይገባ ጫፉን ከጎማው ሥር እየወተፉ።

ሙሐሲን ቁጥሩ የተጻፈበትን ግድግዳ በትከሻው ተደግፎ፣ ጀርባው እንደሚበላው ሰው ወዲያና ወዲህ ይፈተጋል። እናቱ ሳያዩት የሸራውን ሌላ ጫፍ ወደ እሱ ይዘረጋሉ። ከግድግዳው ይላቀቅና፣ የሸሚዙ ትከሻ በከሰል እንደጠቆረ፣ ሊቀበላቸው ይሄዳል።