በግራዋ የታጠበችው ጀሪካን

“ፕላስቲክ ጠጣ?! ታዲያ ሰከረ ወይስ ገና ነው?”

አይናዲስ ይህን ስትል ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ...

እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሳቀች... ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ጭቃ እስኪነካ።

ሳቁ፣ ግድ የለም! ግን ዋናው ገና ከኋላ ነው፤ ትንሽ ቆጥቡለት።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ደብረ ኤልያስ አጠገብ ነው። ደምለው የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሰው፣ ጋሪ እየገፋ፣ ድምጽ ማጉያ ይዞ መጣ።

“የተባይ መድኃኒት እቃ፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ ጊዜው ያለፈ ኪኒን አውጡ! ወንዝ አትጣሉ፣ ቤትም አታስቀምጡ፤ እኛ በወጉ እናስወግደዋለን!”

አይናዲስ ባትሪ ድንጋዩንና አምፖሉን በደስታ አስረከበች።

ቢጫዋን ጀሪካን ግን... ወይ ፍንክች!

“እትዬ አይናዲስ፣ ያች የተምች መድኃኒት የነበረባት አይደለችም? ይስጡኝ እንጂ።”

“ይችን?! በግራዋ ቅጠል ፈትጌ፣ በወይራ አጥኜ፣ የሙሽራ እቃ አስመስያታለሁ! እስቲ አፍንጫህን አስጠጋ!”

“ሽታው ቢጠፋም መርዙ አይለቅም። ፕላስቲኩ ጠጥቶታል።”

እንግዲህ ያ ሁሉ ሳቅ የመጣው ያኔ ነው!

“ሂድ ወዲያ! ግራዋ ያላስለቀቀውን አንተ በጋሪህ ልታስለቅቀው!”

ደምለው ጋሪውን ገፋ። “ውሃ እንኳ እንዳይቀዱባት፣ አደራ” ብሎ ሄደ።

እውነትም ውሃ አልቀዳችባትም።

“ለቁም ነገር ትሆናለች” ብላ አስቀመጠቻት...

ቁም ነገሩም መጣ።

ጎረቤቷ ወለተ ሐዋርያት አበልጇ ናት፤ የአይናዲስን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ወገቧን ካመማት ሰንብቷልና ጠበል ልትሄድ ተነሳች።

“አበልጄ፣ ክዳኗ የማያፈስ ጀሪካን ታውሽኛለሽ? የኔዋ ጠበሉን መንገድ አጠጥታ ነው ቤት የምትገባው።”

“አንቺ ጠይቀሽኝ! ያውም ለጠበል! በይ ይችን ውሰጂ፤ እጅ ያልነካት ናት።”

“ከእጅሽ አይጥፋ!” ብላ መረቀቻት።

ጠበሉ መጣ።

በጣሳ እየቀዳች የምታጠጣትስ ማን መሰለቻችሁ? ራሷ አይናዲስ!

ብዙም ሳትቆይ ወለተ ሐዋርያት አስመለሳት...

ላብ አጠመቃት። አፏን ለሃጭ ሞላው። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ቤት የሞላው ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው?

“እሰይ! ጠበሉ ያዘላት! እየወጣላት ነው!”

መቼም በእኛ አገር ጠበል ጠጥቶ ያስመለሰው ሰው በሽታው ተነቀለ ነው የሚባል። ማን ይደነግጣል?

አይናዲስም እልል አለች።

“በርቺ አበልጄ! ሥሩ እስኪነቀል ጨምሪ!”

ጨመረችላት... ጣሳው ሙሉ።

ኧረ ምኑን ላውራችሁ! ወለተ ሐዋርያት እጇ ላይ ዝልፍልፍ አለች።

ድረስ የሚባለው ልጇ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ሰፈሩም ተከትሎ ሄደ።

ሐኪሙ የዓይኗን ብሌን በመብራት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

“ምን ጠጣች?”

“ጠበል ብቻ!” አለ ድረስ። “ደግሞ ጠበል ልትጠረጥር ነው?”

“ጠበሉማ ምን አደረገ ወንድሜ? በምን እቃ ተቀዳ ነው የምልህ።”



አይናዲስ ጆሮ ውስጥ የደምለው ድምጽ ብቻ ይጮሃል። ጠጥቶታል... ጠጥቶታል...

ብትናገር፣ ያ አብሯት የሳቀ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሟል። ዝም ብትል... አበልጇ ዓይኗ እያየ ልትሞት ነው።

የሐኪሙን ጋዋን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችው።

“ጀሪካኗ የኔ ናት። የተምች መድኃኒት ነበረባት። ግን በግራዋ አጥቤያት ነበር ዶክተር... በግራዋ እኮ ነው ያጠብኳት!”

ሐኪሙ ለቁጣም ጊዜ አላጠፋ፤ ሮጠ። መርፌው ተወጋ፣ ግሉኮሱ ተሰቀለ...

እግዜር ይመስገን፣ ተረፈች!

አይናዲስ “ለሰው እንዳትነግርብኝ” ብላ እግሩ ላይ ወደቀች።

“እኔ አልናገርም” አላት። “ለእሷ መንገር ግን የርስዎ ፋንታ ነው።”

ጀሪካኗን ከአበልጇ ቤት ሹልክ አድርጋ አወጣች። ጋሪው ሲመጣ የቀረው ጠበል እንኳ እንደተከደነባት ለደምለው ሰጠችው።

ደምለው ቀና ብሎ አያትና ጀሪካኗን ጋሪው ላይ ጫናት። ምነው እሱም በሳቀባት!

ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ “እንደ አይናዲስ ያለ አስታማሚ ይስጥህ” እያለ ይመራረቅባታል። እሷ ይህን በሰማች ቁጥር መሬት መሬቱን ነው የምታይ...

ወገኖቼ፣ ቸርነት ብቻውን አይበቃም። የምንሰጠው እቃ ምን ይዞ እንደነበር እንወቅ! መርዝ በግራዋ አይለቅም፣ በወይራ ጭስ አይሸሽም። ጋሪው ሰፈራችሁ ሲመጣ እንደ አይናዲስ አትሳቁ፤ አውጡና ስጡ።

በሉ እስቲ... እናንተ አይናዲስን ብትሆኑ እውነቱን ትነግሯት ነበር? ወይስ ከነሸክማችሁ ትኖሩ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ይችን ስሙ።

አይናዲስ አንድ ቀን ቆርጣ ልትነግራት ሄዳ ነበር። ገና አፏን ሳትከፍት ወለተ ሐዋርያት ከመደቧ ቀና አለች፣ እጇን ያዘቻትና እንዲህ አለቻት፦

“አበልጄ፣ እኔ ስታመም ያችን የመሰለች ጀሪካንሽን አጠፋሁብሽ... ይቅር በይኝ።”