ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ

መርፌውን ከእጇ ነጥቄ ወደ ከሰል ምድጃው ዞርኩ። ልጄ አምሳል ቀሚሷን ሰብስባ፣ ስድስት ወር የሞላው ሆዷን ገልጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረች። ሆዷ እዚህም እዚያም በልዟል።

“የት ነው የነከሰሽ?” አልኳት።

“ምኑ?”

“ውሻው።”

ሰው ሆዱን በመርፌ የሚወጋው እብድ ውሻ ሲነክሰው ነው፤ ይኼን ለማወቅ መማር አያሻም። ጎረቤቴ ውዱ በየቀኑ ሆዱን ሲወጋ ሰንብቶ አይቻለሁ። ከዘንገና ቆሰበር ከተማ ድረስ የመጣሁት ልጄን ልጠይቃት እንጂ ይኼን ጉድ ለማየት አልነበረም። ሁለት ልጅ በሆዷ ሞቶባታል። በሦስተኛው እብድ ውሻ ነክሷት ትደብቀኛለች?

አልሳቀችም። ውሻ እንዳልነካት፣ መርፌው ደም ማቅጠኛ እንደሆነ ነገረችኝ። ባሏ ናታን ሌላ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄዷል፤ ማታ ነው የሚመለሰው። እጄ ላይ ያለው የመጨረሻው ነው፤ ሰዓቱም እያለፈ ነው።

ደም ማቅጠኛ ስትል ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብኝ። ለእርጉዝ ደምሽ ይሙላ ይባላል እንጂ ይቅጠን የሚል ሐኪም ሰምቼም አላውቅ። ደሟ ቀጥኖ ፈሶ ሊያልቅ ነው? እጄን ወደ ፍሙ አስጠጋሁ።

“በሞቴ፣ እማዬ” አለችና አለቀሰች።

እዚህ ከተማ ባዮሎጂ የምታስተምር ልጅ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች ታስረዳኝ ጀመር። ደማችን ውስጥ ደሙ ያለቦታው እንዳይረጋ የሚጠብቅ ነገር አለ፤ ፕሮቲን ነው አለች። “ዘበኛ በይው” አለችኝ። እሷን ይኼ ነው የጎደላት።

“ዘበኛ ብቻ ግን አይደለም። መልእክተኛም ነው። የእንግዴ ልጁን ሴሎች እየነካ ‘አትሙቱ፣ እደጉ’ ይላቸዋል። የኔዎቹ መልእክቱ አልደረሳቸውም።”

“መርፌውስ ያደርሰዋል?”

“መልእክተኛውን አይተካውም። ደሙ ረግቶ መንገዱ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ያለኝ መርፌው ብቻ ነው።”

የመርፌው ፕላስቲክ በፍሙ ሙቀት ግሎ ጣቴን ፈጀኝ። ይኼ ነገር ከየት መጣብሽ፣ ማን አስደግሞብሽ ነው አልኳት።

“በዘር ነው” አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። “ከአባት ወይ ከእናት።”

አባቷ ከሌላ ሚስቱ ሰባት ልጅ አሳድጓል፤ አንድ አልሞተበትም። እኔ ከአምሳል በፊት በሆዴ የሞቱ አራት ልጆች ቀብሬአለሁ። ሾተላይ አለባት ተባልኩ። ጠበል ለጠበል ዞርኩ፣ ክታብ አሰርኩ፣ ምን በድዬህ ነው እያልኩ ከፈጣሪ ጋር ተጣላሁ። አባቷም አምሳል ጡት ሳትጥል፣ ማህፀንሽ ልጅ ይበላል ብሎ ፈታኝ። እኔም አምኜው ኖርኩ።

ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሞቱት አምሳል ትሁን ብዬ ነበር። ለካ የኔው አምሳል ኖራለች።

ከምድጃው ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና መርፌውን ሰጠኋት። ወደ ሆዷ አስጠግታ መለሰችው። እስከ ዛሬ የሚወጋት ናታን ነው።

“አምጪው” አልኳት። “እንዴት እንደሚያዝ አሳዪኝ።”

ያልበለዘ ቦታ ፈልጋ ቆዳዋን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገችልኝ። መርፌውን እዚያ ሰካሁት። ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልጮኸችም።

“ያ መልእክተኛ ምን ነበር የሚላቸው?” አልኳት።

“እደጉ።”

“እደጉ” አልኩና መድኃኒቱን ቀስ አድርጌ ገፋሁት።