ተንቀሳቃሹ ቢሮ

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሸዋሮቢት ውስጥ ፈቃድ የሌለው ቤት ፈረሰ። ትእዛዙን የጻፈው የሕንፃ ተቆጣጣሪው ሞገስ ነው።

ሞገስ ያደገው ጀውሃ ላይ ከጭነት መኪና አሸዋ እያወረደ ነው። የሚያድርባት የሸራ ጎጆ ሁለት ጊዜ ፈርሳበታለች። ያዘነለት አልነበረም፤ እሱም ማዘን አልለመደም።

መጋቢት ላይ ተንቀሳቃሽ ቢሮ ተሰጠው። ትራክተር የሚጎትተው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ማራገቢያና ታብሌት አለው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ገና አልተጻፈበትም። በየቀበሌው ሊዞርበት ነበር። ግን አስፋልቱ ዳር፣ ከመሊካ ሻይ ቤት አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ሞገስ እዚያ ጥላ ሥር አቆመው። ጎማዎቹ ተነፈሱ፤ ለጥገና ተፈተው ሄዱ። ቢሮው ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ በበሩ ሲገባበት ደግሞ የቆርቆሮ በረንዳ ቀጠለለት።

ታብሌቱን ልታስተምረው ሳምራዊት የምትባል ባለሙያ ከደብረ ብርሃን መጣች። ቢሮው ስለሚያፍን መሊካ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መሊካ ሻይ ትቀዳላቸው ነበር።

«የሚፈርሰው ቤት ግድግዳ ሥር ቆመው ፎቶ ያንሱ» አለችው ሳምራዊት። «የቆሙበትን ቦታ ታብሌቱ ራሱ ይመዘግባል። አድራሻ መጻፍ ቀረልዎ።»

«ገባኝ» አለ ሞገስ።

በማግስቱ ሥራውን በጎረቤቱ ጀመረ። ሻይ ቤቱ ፈቃድ የለውም። መሊካ ባሏ ኸድር ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚህች አንድ ክፍል ቆርቆሮ ነው።

«ጋሼ ሞገስ፣ ወረቀቱን ዛሬ ነገ እያላችሁ ስድስት ዓመት አመላለሳችሁኝ። ጥፋቱ የኔ ነው?»

«ሕጉ ጥፋት አይጠይቅም፤ ፈቃድ ነው የሚጠይቀው።»

ቢሮው ድረስ ሻይ አመጣችለት። ብርጭቆውን ገፋው።

«በሻይ አልገዛም።»

«ወላሂ ጉቦ አይደለም! ላብዎ ነው ያሳዘነኝ።» ወደ ውጭ አየች። «ደግሞ ፎቶ ሊያነሱ በዚህ ሐሩር ሊወጡ ነው? ከመስኮትዎ ያንሱት እንጂ። ቤቴ እንደሆነ አይሸሽ።»

ሞገስ ተጠራጠረ። ፎቶው እንዲበላሽላት ፈልጋ ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ ምስሉን አቅርቦ፣ ጥርት እስኪል ድረስ ሦስት ጊዜ አነሳው። ከወንበሩ ግን አልተነሳም።

«የበሩ ማጠፊያ እንኳ ይታያል» አላት።

«አልሃምዱሊላህ» አለች መሊካ።

ፎቶውን እንደገና አየው። ሻይ ቤቱ ነው። ላከው።

ሞገስ አንድ ልማድ አለው፤ ቤት በሚፈርስበት ሰዓት አካባቢው ድርሽ አይልም። ለቅሶ መስማት አይወድም። ሐሙስ ዕለት ታብሌቱን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ቆየ።

አፍራሾቹ የአካባቢው ሰው እንዳይለምናቸው ከሌላ ከተማ ነው የሚመጡት። አለቃቸው ሰይፉ ስልኩ ላይ ቦታውን የምታሳየውን ቀይ ነጥብ ተከትሎ ተራመደ፤ ነጥቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ፎቶ ጠቁሮ ቆርቆሮ መሆኑ ብቻ ይለያል። ጽሑፉን አነበበ፤ «ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ፣ አስፋልት ዳር።» ቀና ሲል መሊካን አያት።

«እትዬ፣ ይህ ቤት ፈቃድ አለው?»

«እኔ እስከማውቀው የለውም።»

«እንግዲያው ቁልፉን ያምጡ።»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም።»

ሰይፉ ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቷል። ጓጉንቸሩን ሰበረ።

«ዕቃው ይውጣ እንጂ፤ ነውር ነው» አለች መሊካ። ጠረጴዛውን ራሷ ባንድ በኩል ይዛ አወጣች።

«እንደ እርስዎ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ሰይፉ። «ሌላው ድንጋይ ይወረውርብናል።»

«ለቆርቆሮ? ሥራህን ሥራ ልጄ።»

ሎደሩ አንድ ጊዜ ገፋ። በቃ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሞገስ መፍረሱን ሊያረጋግጥ በባጃጅ መጣ።

ኒሙ ሥር ቢሮ አልነበረም፤ መሊካ ሻይ ቤቷ ውስጥ ነበረች።