ማንጠግቦሽ የሌለችበት አርባ ደቂቃ

መምህርት ማንጠግቦሽ ተማሪዎቿን ትታ ትወጣለች የሚለው ወሬ መጀመሪያ የተሰማው በ2007 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ወሬው ደግሞ ውሸት አልነበረም።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ባዮሎጂ ልታስተምር ዘጠነኛ «ሀ» ትገባለች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ፕሮጀክተሩን ታበራለች፤ ስፒከሩን ትሰካለች። ስላይዱ በራሱ መሄድ ሲጀምርና የተቀዳው ድምጿ ሲሰማ በሩን ገርበብ አድርጋ ትወጣለች። አርባ ደቂቃው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ትመለሳለች።

የት ትሄዳለች? የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ለዚህ መልስ አላጣም። አንዱ ሱቅ ከፍታለች አለ። ሌላው ወዳጅ ይዛለች አለ፤ ሰውየው ባጃጅ ነጂ ነው ብሎ ታርጋውን ለመናገር ምንም አልቀረውም ነበር።

ስላይዱን ግን ማንም ሊነቅፈው አልቻለም። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁና ሥዕሉ አልገናኝ ብለው ነበር። ድምፁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ላይ ስለቀዳችው፣ አንድ ቦታ ሦስት ሰከንድ ከዘገየ መዘግየቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እሷ ስለ ልብ ስታወራ ግድግዳው ላይ ኩላሊት ይታያል። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ።

ማንጠግቦሽ እልኸኛ ናት። ሁሉንም አጥፍታ እንደገና ጀመረች። ለእያንዳንዱ ስላይድ ድምፁን ለየብቻ ቀዳች። ከክፍሉ ሁሉ ጽሕፈት የሚዘገይባትን ልጅ አስቀምጣ፣ ሰዓት ይዛ አስጻፈቻት፤ «አሁን ጻፉ» ካለች በኋላ ሥዕሉ የሚቆይበትንም ጊዜ በልጅቱ እጅ ልክ አደረገችው። ቀልድ ካለበት ለሳቁ ስድስት ሰከንድ ተወች። ቻላቸው የሚባለው ልጅ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ወሬ እንደሚጀምር ስለምታውቅ፣ እዚያው ደቂቃ ላይ «ቻላቸው፣ ወደ ፊት ተመልከት!» የሚል ቁጣ አስገባች። ልጁ ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ቀና ብሎ ማየት ፈራ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ደምሌ ነገሩን በዋዛ አላዩትም። ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው። ከመሾማቸው በፊት ጎበዝ መምህር ነበሩ ይባላል፤ ከተሾሙ ወዲህ ግን ዛሬ የወረዳ ስብሰባ፣ ነገ ደብረ ታቦር ሥልጠና ነው። ለማንጠግቦሽ ግን ጊዜ አላጡም። ቢሮ አስጠርተው አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉላት።

«የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ክፍል ጥለሽ ትወጫለሽ ወይስ አትወጭም?»

«እወጣለሁ።»

«ወዴት?»

«ተማሪዎቼ የቀረባቸው ትምህርት ካለ ፈተናቸውን ይዩት። ወዴት የሚለውን ግን እርስዎ ባይጠይቁኝ ይሻላል።»

አቶ ደምሌ ጠረጴዛውን መቱት። «በመምህራን መቆጣጠሪያው ላይ አንዲት ቀን ፊርማዬ ጎድሎ ያውቃል? እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም!» ዓርብ ኮሚቴ ይዘው እንደሚመጡ፣ ከተያዘች ላፕቶፑን አስረክባ ራቅ ብሎ ስማዳ ቆላ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት እንደምትዛወር ነገሯት። የማንጠግቦሽ እናት ታማሚ ናቸው፤ ከእሷ በቀር ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ሰው የለም። ይህን አቶ ደምሌም ያውቁ ነበር።

እንባዋ ዓይኗ ድረስ መጣ። አላወረደችውም።

«ዓርብ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ይምጡ» አለች። «አይቅሩ ብቻ።»

ዓርብ መጡ። ከእሳቸው ጋር የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ መሪጌታ ካሳ ነበሩ፤ በቤተ ልሔም ገዳም የድጓ ዜማ ያስመሰከሩ፣ ቸኩለው የማይፈርዱ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። ማንጠግቦሽ እጅ ነሥታ፣ ስላይዱን አስነሥታ፣ ዓይናቸው እያየ ወጣች።

አቶ ደምሌ ብድግ ሲሉ መሪጌታ ክንዳቸውን ያዙ።

«ቆይ እስቲ፣ ልስማበት።»

ሰሙ። የተቀዳው ድምፅ «አሁን ጻፉ» ሲል ክፍሉ ጻፈ፤ የመጨረሻዋ ልጅ እስክሪብቶዋን ስታነሣ ሥዕሉ ተለወጠ። «ቻላቸው፣ ወደ ፊት ተመልከት!» ሲል ቻላቸው ብቻ ሳይሆን አቶ ደምሌም ቀጥ ብለው ተቀመጡ። መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ዜማ ሳስተምር ብዙው ልጅ የሚሳሳትብኝ ማረፊያው ላይ ነው» አሉ። «ይች መምህርት ማረፊያውን ይዛዋለች።»

«የመጣነው ሴትዮዋን ልንይዝ ነው መሪጌታ!»

ወጡ። በረኛውን ጠየቁት፤ በግቢው በር ማንም አልወጣም አለ። ቤተ መጻሕፍቱን አዩ፤ የለችም። የመምህራን ማረፊያ ክፍሉን አዩ፤ የለችም። አቶ ደምሌ እየቸኮሉ ፊት ፊት ሄዱ፤ መሪጌታ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ተከተሉ። ከአሮጌው ሕንፃ ጫፍ፣ ከአሥረኛ «ለ» በኩል፣ የማንጠግቦሽ ድምፅ ተሰማ። ይኸኛው የስፒከር አልነበረም።

አቶ ደምሌ በሩን በርግደው ገቡ። ስልሳ ተማሪ ከመቀመጫው ተነሣ። ማንጠግቦሽ ጠመኔ ይዛ ቆማለች፤ ጥቁር ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በሂሳብ ተሞልቷል።

«የባዮሎጂ መምህርት አይደለሽም እንዴ! በሰው ክፍለ ጊዜ እንድትገቢ ማን ፈቀደልሽ?» ብለው ጮኹ። «የእነዚህ ልጆች መምህር ይህን ቢሰማ ምን ይላል?»

ማንጠግቦሽ ከእጇ ላይ የጠመኔውን ብናኝ አራገፈች እንጂ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

መሪጌታ ፊት ወንበር ላይ ወዳለችው ልጅ ዞሩ።

«ልጄ፣ የሂሳብ መምህራችሁ ማን ነው?»

«እሳቸው ናቸው፣ የኔታ» አለች ልጅቱ በአቶ ደምሌ አቅጣጫ አገጯን ቀና አድርጋ፤ «ዛሬ ገና መምጣታቸው ነው።»