ጳጉሜንን የማያውቅ ክሬም

የልጆቼ የዓመት የፀሐይ ክሬም ነሐሴ ሠላሳ ቀን ልክ አለቀ። ጳጉሜን ሁለት ቀን መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

«ርካሹን ነዋ የገዛሽው» አለኝ ፋርማሲስቱ። «የሦስት መቶ ስድሳ ቀን ነው፤ ጳጉሜንን አያውቅም።»

«ነገ እኮ ሩፋኤል ነው! ልጆቹ በዝናቡ ሊጠመቁ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁ ነው የከረሙት።»

«እህቴ፣ ደመወዝሽስ ጳጉሜንን ያውቃል?»

ከጀርባው «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር» የሚል ፖስተር ተሰቅሏል። ጳጉሜንን የሚያውቀው ክሬም ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሰማዩ ሳስቶ ፀሐዩ ቆዳ ማቃጠል ከጀመረ ወዲህ የየቤቱ በር ልጅ ሲጠጋው ያሸታል፤ ክሬም ካልሸተተው አይከፈትም። ለልጆች ደኅንነት የወጣ ጥሩ ሕግ ነው ይባላል።

በማግስቱ ዝናቡ ሲወርድ ኤልዳናና ኪሩቤል ልብሳቸውን አውልቀው በሩ ላይ ተለጠፉ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። በሩ ግን ማሽተት እንጂ ሰማይ ማየት አልተማረም።

«እማዬ፣ ጸበሉ ሊያልቅብን ነው!» አለች ኤልዳና እያለቀሰች።

ለእኔ በሩ ወዲያው ተከፈተልኝ። ባልዲውን አሸንዳው ሥር ደቅኜ እስኪሞላ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁለቱንም መታጠቢያ ቤት አቁሜ በጆግ አፈሰስኩባቸው። እየጮኹ ሳቁ።

ኪሩቤል ዓይኑን እየጠረገ፣ «በሩ ሩፋኤልን እንዴት አስገባው? ክሬም ተቀብቶ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «እሱ እንደ እኛ ርካሹን አይገዛም።»