ብቻህን ብትሆን አምስት ነጥብ

«ብቻህን ብታመለክት እኮ አምስት ነጥብ ይጨመርልሃል...»

የውጭ ጉዞ ጉዳይ አማካሪዋ ይህን ስትለው ድምጿን እንኳን ዝቅ አላደረገችም።

እሱ ግን በሩ መዘጋቱን ዞር ብሎ አየ...

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ። ሁለተኛ ዲግሪ አለው።

ከባለቤቱ ጋር ውጭ አገር ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት ካመለከተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

አሠራሩ በነጥብ ነው። ለዕድሜ ነጥብ... ለትምህርት ነጥብ... ለሥራ ልምድና ለቋንቋ ነጥብ። በየወሩ ብዙ ነጥብ ያላቸው ይጠራሉ፣ የቀረው ይጠብቃል።

ሰማንያና ከዚያ በላይ ያለው ይጠራል፣ አንዳንድ ወር ደግሞ መስፈርቱ በአንድ ሁለት ነጥብ ዝቅ ይላል። እሱ ሰባ አራት ላይ ቆሟል።

አርባ ዓመት የሚሞላው ቀን ደግሞ ከዕድሜ ነጥቡ ይቀነስበታል። የቀረው አራት ወር ብቻ...

«አንተ ቅደም፣ ከደረስክ በኋላ ታስመጣታለህ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው» አለችው አማካሪዋ።

ሚስቱ በያጅ ናት። የበርና የመስኮት ብረት ስትበይድ አሥራ አንድ ዓመቷ። የሥራ ባልደረቦቿ «ይቺ እሳት የላሰች!» እያሉ ይቀልዱባታል፣ በሁለቱም ትርጉሙ እውነት ነው።

እሱ ግን ማመልከቻውን ሲሞላ የእሷን ትምህርትም ሆነ ሙያ አልጻፈም። ብየዳ ነጥብ ያስገኛል ብሎ ማን ያስባል?

ፈረመ።

የሚስቱ ስም አብረው ከሚሄዱት ውስጥ ወጣ።

ሲሳካ እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ...

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሕልም ይመላለስበት ጀመር።

ሰዎች በረጅም ነጭ ኮሪደር ተሰልፈው ድምፅ ሳያሰሙ ይራመዳሉ። ወለሉ ውሃ ይመስላል። እሱም ይራመዳል... ይራመዳል... በሩ ግን አይቀርብም።

ሲነቃ ጎሕ ቀዷል። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ እያረፈ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ምን እንደምትሰማ ሲጠይቃት «ዘፈን ነው፣ ተኛ» ትለዋለች።

እሱም መልሶ ይተኛል...

ወሩ ወርን ወለደ። ብቻውን ሰባ ዘጠኝ ነጥብ ይዞ ጠበቀ። በአንድ ነጥብ ቀረ። በሚቀጥለውም ወር በአንድ ነጥብ ቀረ።

አርባ ዓመት የሞላው ቅዳሜ ቀን ነው።

ውጭ ያካፋል። ነጥቡ ወርዷል። ከአልጋው አልተነሳም። እንቅልፍም አይደለም፣ መንቃትም አይደለም... ብቻ ዝናቡን እየሰማ ተጋድሟል።

ሚስቱ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

የቋሚ መኖሪያ የግብዣ ደብዳቤ ነው።

ሕልሙ የቀጠለ መሰለው። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አነበበው...

ዋና አመልካች፦ የእሷ ስም።

ሙያ፦ በያጅ።

አብሮ የሚሄድ የትዳር ጓደኛ፦ የእሱ ስም።

እሷ እየሳቀች ታለቅሳለች። እሱም አቀፋት። በልቡ ግን የፈረመበትን ወረቀት እያሰበ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አማካሪዋ ቢሮ ሄዶ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ጠየቃት።

የሚስቱ ሙያ በጣም ከሚፈለጉት ውስጥ መሆኑን ነገረችው። ሚስቱ ወደ ቢሮዋ የመጣችው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። ባይሳካ ባሌ ሁለቴ እንዳያዝን ብላ ምስጢር እንድትይዝላት ለምናታለች።

ከዚያ የሚስቱን ፋይል ከፍታ አየችና...

«ላንተ ያልኩህን ለእሷም ብያታለሁ። ብቻዋን ብታመለክት ሰማንያ ሦስት ነበረች፣ በመጀመሪያው ወር ትጠራ ነበር። ካንተ ጋር ሰባ ስምንት ነበር ያላት።»

«ታዲያ ምን አለች?»

«የጎደለውን በቋንቋ ፈተና እሞላዋለሁ አለችኝ። ሁለት ጊዜ ተፈተነች።»

ያ ሁሉ ጠዋት የምትሰማው ዘፈን አልነበረም...

ቤት እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። እሷ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። የፈረመበትን ቀን ጭምር።

እጇ ሸሚዙ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ነጥቡ ቢሞላልህ ኖሮ... መቼ ነበር የምትነግረኝ?»



አራት ቀን አላናገረችውም። በአምስተኛው ቀን ለጉዞው የሚጠየቀውን የእሱን የሐኪም ምርመራ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ተጎድቻለሁ» አለችው። «ግን ስምህን ያስገባሁት ደግ ስለሆንክ አልነበረም። ባሌ ስለሆንክ ነው።»

ከሄዱ ስምንተኛ ወራቸው ነው። እሷ መርከብ በሚጠገንበት ትልቅ ወርክሾፕ ትሠራለች። እሱ ግማሽ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይለያል፣ ግማሽ ቀን ይማራል። ሙሉ በሙሉ ይቅር ብላው እንደሆነ አልጠየቃትም። መጠየቅ መብቱ አልመሰለውም...

ታሪኩን የላከልኝ እሱ ራሱ ነው። «ስሜን አትጥቀስ፣ ጥፋቴን ግን አትቀንስ» ብሎኛል። አልቀነስኩም።

ወዳጆቼ... አጠገባችን ያለውን ሰው ዋጋ ቢስ አድርገን የምንቆጥረው ብዙ ጊዜ ምን እንዳለው ጠይቀነው ስለማናውቅ ነው። ጥሎ የሄደ ቶሎ ሊደርስ ይችላል። ግን ደርሶ ከማን ጋር ነው ደስ የሚለው?

እኔ ስንት ቀን አሰብኩበት፣ አልወሰንኩም። እስቲ እናንተ ፍረዱ...

በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ እውነቱን ከሰማችሁ በኋላ ስሙን ከማመልከቻው ታወጡት ነበር? ወይስ ይዛችሁት ትሄዱ ነበር?

ኮሜንት ላይ የልባችሁን ጻፉልኝ። እሱም ያነበዋል።