ዓርብ የተባለው ቅዳሜ

ናርዶስ ቅዳሜን ዓርብ ነው ብላ የገዛ እህቷን ሸወደቻት! በማርያም፣ ሙሉ ቀን ሰረቀቻት!

ናርዶስና ታላቅ እህቷ ረድኤት መገጣጠሚያ የሚያቃጥል በሽታ አለባቸው። የሰውነትን ቁጣ የሚያበርዱት፣ ኤንኬቲ የሚባሉት ሴሎች ለሁለቱም አይሠሩላቸውም። በእነሱ ዘመን ደግሞ ለአንድ ቤት የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ጤነኛ ሴል ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከአንዷ ክንድ በመርፌ ይቀዳና ለሌላዋ ይሰጣል። ባለተራዋ እንደልቧ ትጨፍራለች፤ ሌላዋ ጣቷ አብጦ የቀሚሷን ቁልፍ እንኳን መቆለፍ ያቅታታል።

የዛሬው ቅዳሜ ግን የአክስታቸው ልጅ ሰርግ ነው! እናታቸው እዚያው ሰርግ ቤት አድራለች።

ረድኤት ትኩሳቱ ቀኑን አምታቶባታል። "ናርዲዬ፣ ዛሬ ተራዬ አይደል?" አለች ከአልጋዋ ሳትነሳ።

"ኧረ ገና ዓርብ ነው!" አለች ናርዶስ። እንዳትጠረጥርም የጾም ሽሮ ሠርታ በእጇ አጎረሰቻት። ጭካኔዋ እኮ!

ረድኤት ሁለቴ ጎርሳ ቆም አለች።

"ናርዲ፣ አፍሽ እንቁላል እንቁላል ይሸታል። ዓርብ እንቁላል መብላት የጀመርሽው መቼ ነው?"

ወይኔ፣ ቁርሷን ረስታው!

ደጅ የሰርጉ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። ረድኤት ያበጠ ክንዷን ዘረጋች። መርፌው አጠገባቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ናርዶስ ክንዱን ቀስ አድርጋ ይዛ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰችው።

"ነገ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?" ብላ ታኮ ጫማዋን አነሳች።

እናንተ ብትሆኑስ? መኪናው ደጅ እየጠበቃችሁ፣ ክንዳችሁን ትሰጧት ነበር?